ያለ ዱላ ልጅ ማሳደግና ከትምህርት ቤት ውጭ መማር፦ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

በእስራኤል የሚኖሩ ወላጆች ከጊዜ ወደ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው ልጅን ሳይመቱ፣ ሳይሰድቡና ሳያስፈራሩ ማሳደግ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤትና በኑሮ ውስጥ እንዲማር ማድረግ ሲሆን፣ በዕብራይስጥ ጠቅላላ ስሙ «ሂኑኽ ባይቲ» ነው። ከዚህ ውስጥ የክፍል ሰዓትም ሆነ የተወሰነ የትምህርት ፕሮግራም የሌለው ዓይነት በመላው ዓለም «አንስኩሊንግ» ተብሎ ይታወቃል። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። ልጁን በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ያለ ዱላ ሊያሳድግ ይችላል፤ ቤት አስቀምጦ የሚያስተምርም ሊመታ ይችላል። ሆኖም ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ሃሳብ ነው። ይኸውም ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው፣ ፈርቶ ከሚማረው ይልቅ ታምኖበት የሚማረው ይበልጣል የሚል ነው።

ጉዳዩ ለቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ወላጅ «በዚህ አገር ልጅ መቅጣት ተከልክሏል» ብሎ እጁን ጨርሶ አውጥቷል። ሌላው በአገር ቤት እንዳደገው ለማሳደግ ሲሞክር ራሱን በፖሊስና በማህበራዊ ሠራተኛ ፊት አግኝቶታል። በሁለቱም መካከል የሚጎዳው ልጁ ነው። ከዚህ በታች ሃሳቡ ከየት እንደመጣ፣ የእስራኤል ሕግ ምን እንደሚል፣ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻልና እርዳታ ከየት እንደሚገኝ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃሳቡ ከየት መጣ?

«አንስኩሊንግ» የሚለውን ቃል ያወጣው ጆን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። ሆልት እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልዶ በ1985 አረፈ። በክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ልጆችን ለዓመታት ሲመለከት ቆይቶ በ1964 ልጆች በትምህርት ለምን እንደሚወድቁ፣ በ1967 ደግሞ እንዴት እንደሚማሩ የሚገልጹ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። ያስተዋለው ነገር ይህ ነው። ብዙ ልጆች በክፍል ውስጥ የሚያስቡት ስለ ትምህርቱ ሳይሆን መምህሩ ምን መስማት እንደሚፈልግና አለማወቃቸው እንዳይገለጥባቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነው። ማፈርንና መዋረድን የሚፈራ ልጅ አይጠይቅም፤ የማይጠይቅ ልጅ ደግሞ አይማርም። ሆልት መጀመሪያ ትምህርት ቤቶች እንዲሻሻሉ ይታገል ነበር። ኋላ ግን ተስፋ ቆርጦ ከ1977 ጀምሮ ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች የሚሆን ትንሽ መጽሔት ማውጣት ጀመረ።

ከእርሱ በፊትም በተመሳሳይ መንገድ የሄዱ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ኤ. ኤስ. ኒል በ1921 ሰመርሂል የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። በዚያ ልጅ ክፍል እንዲገባ አይገደድም፤ በስብሰባ ጊዜም የትንሹ ልጅ ድምጽና የመምህሩ ድምጽ እኩል ይቆጠራል። ትምህርት ቤቱ ዛሬም በእንግሊዝ አገር አለ። በእስራኤል በ1987 ያዕቆብ ሄኽት በሐዴራ የዴሞክራሲ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ከዚያ በኋላም በልዩ ልዩ ከተሞች ብዙዎች ተከፈቱ። እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ልዩነት እንዲይዙ ያስፈልጋል። የዴሞክራሲ ትምህርት ቤት ምንም ነጻነት ቢኖረውም ትምህርት ቤት ነው። እውቅና ባለው የዴሞክራሲ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ የግዴታ ትምህርት ሕግን አሟልቷል። ቤት የሚቀረው ልጅ ግን ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ውጤቱስ? ፒተር ግሬይ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባው ጂና ራይሊ ጋር በ2013 ባወጡት ጥናት 232 እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ልጆቻቸው ለመማር ያላቸው ፍላጎት እንደጨመረና ቤተሰቡ እንደተቀራረበ ተናግረዋል። ትልቁ ችግራቸው ደግሞ የዘመድና የጎረቤት ትችት፣ እንዲሁም ወላጆቹ ራሳቸው ከለመዱት የትምህርት ቤት አስተሳሰብ መውጣት ነበር። ይሁን እንጂ ጥናቱን ስንመዝን መልስ የሰጡት በፈቃዳቸው የመጡ፣ በሃሳቡ የሚያምኑ ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ። ሞክረው ያልተሳካላቸው መጠይቅ ለመሙላት አይቸኩሉም።

በአገር ቤት ልጆች እንዴት ይማሩ ነበር?

ይህን ሃሳብ የሚሰሙ ሽማግሌዎቻችን አንዳንዴ «ይህማ የኛው ነው» ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። በወለቃም ሆነ በሌሎች የጎንደር መንደሮች ሴት ልጅ ሸክላ መሥራትን በክፍል ተቀምጣ አልተማረችም። እናቷ ጀበናና እንስራ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትንሽ ጭቃ ተሰጥቷት ትጫወትበታለች፤ ሲበላሽባት ማንም ነጥብ አይሰጣትም፤ እየዋለ እያደረ የሚሸጥ ዕቃ ትሠራለች። የአንጥረኛ ልጅ ወናፍ ሲነፋ እሳቱ መቼ እንደሚበቃ በዓይኑ ይለያል። የሸማኔ ልጅ መጀመሪያ ድርና ማግ ያቀብላል። እረኛው ጥጃ ከመጠበቅ ጀምሮ በግና ፍየል፣ ከዚያም ከብት ይረከባል። ቄስ የሚሆነውም ጸሎቱን በግዕዝ ከታላላቅ ቄሶች አፍ እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር። ልጁ እያየ፣ እየረዳ፣ እየሳተም ይማራል። ጆን ሆልት የሚፈልገው ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ነገር ግን ሁሉንም ማሳመር አይገባም። ከብቱ አዝመራ የገባበት እረኛ በአርጩሜ ይገረፍ ነበር። ፊደል መቁጠር ለብዙ ሴቶች ልጆች አልደረሰም፤ በልጅነት መዳርም ነበረ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ከሩቅ መንደር ወደ አምቦበር ትምህርት ቤት ለሰዓታት በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ፤ ለመማር የከፈሉት ዋጋ ትምህርትን ምን ያህል ይፈልጉት እንደነበር ያሳያል። ከሁሉ በላይ ግን ልዩነቱ ሌላ ነው። በመንደር ለኑሮ የሚያስፈልገው ዕውቀት ሁሉ በልጁ ዓይን ፊት ይሠራ ነበር። በእስራኤል የአባት ሥራ ከፋብሪካ በር ጀርባ ነው፤ እናት ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ በማታ ትመለሳለች፤ ባንኩ፣ ሐኪሙና መሥሪያ ቤቱ በዕብራይስጥ ጽሑፍና በስልክ ውስጥ ገብተዋል። ልጁ ወላጁን እያየ ይህን ሊማር አይችልም። አንዳንዴም ወላጁ ከልጁ ይማራል።

ሕጉ ምን ይላል?

የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1949፣ መንግሥቱ በተመሠረተ በዓመቱ ነው። መጀመሪያ የሚመለከተው ከጋን ሖቫ ጀምሮ ያሉትን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበር፤ ከጊዜ በኋላ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከ3 ዓመት ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ይሸፍናል። ልጁን አስመዝግቦ በየቀኑ እንዲማር ማድረግ የወላጅ ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ይህን የማያደርግ ወላጅ በሕግ ይጠየቃል። ልጁ ከትምህርት ቤት መቅረት ሲያበዛ ጉዳዩን የሚከታተል ሠራተኛ አለ፤ «ካቢስ» ይባላል። ካቢስ ቤት ሲመጣ ብዙ ወላጆች እንደ ፖሊስ ይፈሩታል። ሥራው ግን ልጁ ለምን እንደቀረ ማወቅና የሚመልሰውን መንገድ መፈለግ ነው፤ በር ከመዝጋት ቢያነጋግሩት ይሻላል።

ሕጉ የትምህርት ሚኒስቴር ልጅን ከዚህ ግዴታ ነጻ ሊያደርገው እንደሚችልም ይናገራል። ልጁን በቤት ለማስተማር የሚፈልግ ቤተሰብ ለሚኒስቴሩ ማመልከቻ ያቀርባል። ለምን እንደፈለገና ልጁ ምን እንዴት እንደሚማር በጽሑፍ ያስረዳል፤ ከሚኒስቴሩም ሰው መጥቶ ቤቱንና ልጁን ያያል። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ስለሆነ በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ ምንም ፕሮግራም የሌለው አንስኩሊንግ በእስራኤል ከሕጉ ጋር ትንሽ ይጋጫል፤ ቤተሰቡ ልጁ በኑሮው የሚማረውን ነገር ሚኒስቴሩ በሚረዳው ቋንቋ መጻፍ ይኖርበታል። ማመልከቻው ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ልጁ ትምህርት ቤት መሄዱን መቀጠል አለበት። «ጠይቄያለሁ» ብሎ ማስቀረት አይቻልም። በአንዳንድ አገሮች ነገሩ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ ለምሳሌ በጀርመን በቤት ማስተማር በመሠረቱ የተከለከለ ነው። በአሜሪካ ግን በሁሉም ክፍለ ግዛቶች ይፈቀዳል።

ለኛ ቤተሰብ ይሆናል ወይ?

በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጁን ሙሉ በሙሉ ከትምህርት ቤት ማውጣት አይመከርም። ይህን የምንለው ወላጆቻችን አይችሉም ከሚል ንቀት አይደለም። ልጁን ቤት ማስተማር ከወላጆች አንዱ ቀኑን ሙሉ ቤት እንዲውል ይጠይቃል፤ ሁለቱም ሠርተው የቤት ብድር በሚከፍሉበት ቤት ይህ የሚቻል አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ የባግሩት ፈተና አለ፣ ሠራዊት አለ። ባግሩትን በግል ተመዝግቦ መፈተን ቢቻልም የሚያዘጋጀው ሰውና ገንዘብ ይፈልጋል። ልጁ በዕብራይስጥ የሚያነብ፣ የሚከራከርና የሚጽፍ ካልሆነ በ18 ዓመቱ የሚዘጋበት በር ብዙ ነው። ቋንቋው በቤት ውስጥ ለሚነገርለት የተማረ ቤተሰብ ልጅና ለኛ ልጅ አደጋው እኩል አይደለም። በሃሳቡ የሚያምኑ ሰዎች ይህን ልዩነት አንዳንዴ ይረሱታል።

ሌላም ትዝታ አለ። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ልጆች መካከል በጉርምስና ዕድሜ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ወደ ፕኒሚያ ተልከው ከወላጆቻቸው ተለይተው አድገዋል። ከዚያ የተማሩና ትልቅ ደረጃ የደረሱ አሉ፤ ከቤተሰባቸው ጋር ቋንቋ የጠፋባቸውም አሉ። ስለዚህ «ትምህርትን ለባለሙያ ትተን እኛ ዝም እንበል» የሚለው መንገድም ብዙ አስከፍሎናል።

ታዲያ ትምህርት ቤቱን ሳይተዉ ከዚህ ሃሳብ የሚወሰድ ብዙ አለ። ልጁ ከሰዓት በኋላ የሚያገኘውን ነጻ ጊዜ ሁሉ በሑግና በተጨማሪ ትምህርት አለመሙላት አንዱ ነው። ልጅ የሚወደውን ነገር፣ ብስክሌት መፍታትም ይሁን ሥዕል ወይም ኮምፒውተር፣ «ይህ ምን ይጠቅምሃል» ሳይሉ ቁጭ ብሎ ማየት፣ መጠየቅ፣ እንዲያስረዳ ማድረግ ሌላው ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ ዳቦ ሲደፋ፣ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲከፈል፣ ገበያ ሲወጣ ልጁን አብሮ ማሠራት ትምህርት ነው፤ ሒሳቡም ቋንቋውም በዚያ ውስጥ አለ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማትችል እናት ልጇን «ዛሬ የተማርከውን በአማርኛ ንገረኝ» ብትለው ትምህርቱን እየከለሰች ነው፤ ያልገባውን ነገር በሌላ ቋንቋ ማስረዳት ስለማይችል ወዲያው ይታወቃል። ልጅ አማርኛን ወይም ትግርኛን በደንብ ማወቁ ዕብራይስጡን አያደክመውም። አንዳንድ የጋን ሠራተኛ «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ ተናገሩ» ብላ ብትመክርም፣ የተሰበረ ዕብራይስጥ ከመስማት ያልተሰበረ አማርኛ መስማት ለልጁ ይሻለዋል።

ስለ ዱላ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ አርጩሜ፣ ማንበርከክ፣ በበርበሬ ማጠን፣ እነዚህን የማያውቅ የአገር ቤት ሰው የለም። ሲደረግም የነበረው ከጥላቻ አይደለም። ልጅ ጨዋ ካልሆነ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል፤ ስድቡ የሚያርፈው በልጁ ላይ ብቻ ሳይሆን በአሳዳጊው ላይ ነው። ስለዚህ ወላጅ ሲመታ ስሙንም እየጠበቀ ነበር።

በእስራኤል የጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ልጆቿን ትመታ ስለነበረች አንዲት እናት በሰጠው ውሳኔ፣ ወላጅ ልጁን ለመቅጣት ብሎ የሚያደርሰው ድብደባ ሕጋዊ አለመሆኑን ወሰነ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ዶሪት ቤይኒሽ ነበሩ። በዚያው ዓመት ክኔሴት፣ ወላጅ ልጁን «በመጠኑ» ሲቀጣ ከክስ ይከላከልለት የነበረውን የቆየ የሕግ አንቀጽ ሰረዘ። በዚያው ዓመት የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግም በትምህርት ቤት ልጅን መምታትና ማዋረድን ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ክልከላ በዓለም መጀመሪያ ያወጣችው ስዊድን ናት፤ ያም በ1979 ነው። ይህ ማለት ግን ልጁን መንካት ወንጀል ነው ማለት አይደለም። ወደ መኪና መንገድ የሚሮጠውን ልጅ እጁን ይዞ መጎተት፣ ታናሹን የሚደበድበውን ታላቅ ይዞ ማስቆም የወላጅ ሥራ ነው። የተከለከለው ለማሳመምና ለማዋረድ መምታት ነው።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላም ሕግ አለ። ከ1989 ጀምሮ፣ አንድ ልጅ በአሳዳጊው እንደተጎዳ ለማመን ምክንያት ያለው ሰው ሁሉ ለልጆች ጉዳይ ማህበራዊ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ አለበት። መምህር፣ ሐኪም ወይም የጋን ሠራተኛ ዝም ካለ ቅጣቱ ይከብድበታል። ስለዚህ በልጁ ክንድ ላይ ሰንበር አይታ ያሳወቀች መምህርት ጠላት ሆና አይደለም፤ ሕጉ ያስገድዳታል። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚጠየቀው በተራ ፖሊስ ሳይሆን ለዚህ በሠለጠነ የልጆች መርማሪ ነው።

ሕጉን ትተን ዱላ ይሠራል ወይ ብንል፣ ኤልሳቤጥ ጌርሾፍና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ልጅን በጥፊ ወይም በእጅ መምታት ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገኘው ከጠበኝነት፣ ከጭንቀትና ከወላጅ ጋር ከመራራቅ ጋር ነው፤ ልጁን ይበልጥ ታዛዥ ሲያደርገው አልተገኘም። የተመታ ልጅ ለዚያች ደቂቃ ጸጥ ይላል። የሚማረው ግን ሲያጠፋ እንዳይታይ መጠንቀቅን ነው።

«መጽሐፉስ? በምሳሌ ውስጥ ስለ በትር ተጽፎ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ተጽፏል። ነገር ግን የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ፣ ሞዔድ ቃታን በተባለው ክፍል፣ ያደገ ልጁን የሚመታ አባት እንዲወገዝ አዝዘዋል፤ ምክንያታቸውም ልጁ እጁን በአባቱ ላይ አንስቶ ኃጢአት እንዲሠራ እንቅፋት ያኖርበታል የሚል ነው። አባት ልጁን ወደ ጥፋት እንዳይገፋው መጠንቀቅ እንዳለበት እነርሱም አይተውት ነበር።

የወላጅ ክብር የት ሄደ?

ወላጆች በስብሰባ ሁሉ የሚያነሱት ቅሬታ ግን ከዱላ ይልቅ ስለ ክብር ነው። ልጁ ዕብራይስጥ ቀድሞ ስለሚያውቅ የባንክና የሐኪም አስተርጓሚ ሆነ፤ ደብዳቤ የሚያነበው እርሱ ነው፤ «ፖሊስ እጠራለሁ» ማለትን ከጓደኞቹ ተማረ። በመንደር ቢሆን አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ያግዙ ነበር፤ እዚህ አባት ብቻውን ቀረ። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ መምታት ነው፤ ሌላው ጨርሶ መተው ነው። መተው በሰላም ማሳደግ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የት እንዳደረ የማይጠየቅ ልጅ ተከብሯል አይባልም፤ ተጥሏል እንጂ።

ለዚህ የሚረዳ ዘዴ ያዘጋጁት በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የሆኑት ፕሮፌሰር ሐይም ዖመር ናቸው። ዘዴያቸውን «አዲሱ ሥልጣን» ይሉታል። መነሻው ማኅተመ ጋንዲና ማርቲን ሉተር ኪንግ የተጠቀሙበት ያለ ኃይል የመታገል መንገድ ነው። ወላጅ ልጁን ማሸነፍ የለበትም፤ ከቦታው አለመነቃነቅ ግን አለበት። በንዴት ሰዓት መልስ አይሰጥም፤ ነገሩ ከበረደ በኋላ ይመለስበታል። (ብረት ሲግል ነው የሚቀጠቀጠው ብለው ያደጉ የአንጥረኛ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል። ልጅ ግን ብረት አይደለም።)

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ15 ዓመት ልጅ ሳያስታውቅ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አምሽቶ ገባ እንበል። በሩ ላይ ጠብቆ መጮህ፣ መሳደብ ወይም እጅ ማንሳት ወደ ድብድብ ይወስዳል። ከዚያ ይልቅ አባት «መምጣትህን አየሁ፤ አላስተኛኝም፤ ነገ እንነጋገራለን» ብሎ ይተኛል። በማግስቱ አባትና እናት አብረው ሆነው በተረጋጋ ድምጽ፣ ቢቻል ጽፈው፣ እንዲህ ይሉታል፦ «ልጃችን፣ ከእንግዲህ አንመታህም፣ አንሰድብህምም። ነገር ግን የት እንዳለህ ሳናውቅ ማደርህን አንቀበልም። ብቻችንን ስለማንችል አጎትህንና አክስትህን አማክረናል።» እንደገና ቢያመሽ ወላጆች ለጓደኞቹና ለጓደኞቹ ወላጆች በትህትና እየደወሉ ይጠይቃሉ። አጎቱ በማግስቱ ቡና ይጋብዘውና «አባትህ እንቅልፍ አጥቷል፤ ነገሩ ምንድን ነው?» ይለዋል። ልጁ ይናደድ ይሆናል፤ ያፍርም ይሆናል። ግን የሚፈልጉት ብዙ ሰዎች እንዳሉ ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ ፕሮፌሰሩ «ደጋፊዎች» የሚሏቸው እኛ ዘመድና ሽማግሌ የምንላቸውን ነው። በዚህ በኩል ቤተ እስራኤል ብዙ እስራኤላውያን የሌላቸው ሀብት አለው፤ ሚስጥር ይወጣል ብለን ፈርተን አንጠቀምበትም እንጂ።

ለትንንሾቹ ነገሩ ይቀላል። በሱፐርማርኬት ከረሜላ ተከልክሎ መሬት ላይ የሚንከባለል የ3 ዓመት ልጅ ለመክፋት ብሎ አይደለም፤ ራሱን መግዛት ገና አልቻለም። በ1922 በቴል አቪቭ ተወልዶ በአሜሪካ የታወቀው ሐይም ጊኖት ለወላጆች ያስተማረው፣ በመጀመሪያ የልጁን ስሜት በስሙ መጥራት፣ ከዚያ ወሰኑን መናገር ነው። «ከረሜላውን በጣም ፈልገኸዋል፤ አውቃለሁ። ዛሬ አንገዛም።» ከዚያ ዝም ብሎ አጠገቡ መቆም፣ እስኪበርድለት ማቀፍ። ሰው ያያል፤ ያሳፍራል፤ ለአምስት ደቂቃ ነው። ዛሬ በጩኸቱ ምክንያት ከተገዛለት ግን ነገም ይጮሃል። ስሜቱ ሁሉ ይፈቀዳል፤ ድርጊቱ ሁሉ አይፈቀድም።

የአስተርጓሚነቱን ነገር ደግሞ ወላጅ ራሱ ማቆም አለበት። ስለ ልጁ ጠባይ ወይም ውጤት በትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ለሁለቱም አይበጅም፤ ልጁ መምህርቷ ያለችውን ለውጦ ቢናገር አይፈረድበትም። ከስብሰባው በፊት ለመምህርቷ ወይም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ «አማርኛ የሚናገር መገሸር ወይም አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። በስብሰባው ላይም መጠየቅ እንጂ አንገት ደፍቶ «እሺ» ማለት ብቻ አይጠቅምም። በእኛ ባህል ዓይንን መስበርና ዝምታ አክብሮት ነው፤ በእስራኤል መምህር ዓይን ግን ግድ የለሽነት ሊመስል ይችላል።

እርዳታ ከየት ይገኛል?

በመጀመሪያ ቅርብ ያሉት ናቸው፦ የልጅዎ መምህርት፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ዮዔጼት)፣ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ የቲፓት ሃላቭ ነርስ። በየከተማው ያለው የማህበራዊ አገልግሎት ቢሮ ለወላጆች ምክርና የቡድን ስብሰባ ያዘጋጃል፤ ቀድሞ ራሱ ሄዶ የጠየቀ ወላጅ፣ ችግር ከተፈጠረ በኋላ ከተጠራ ወላጅ በተሻለ ይስተናገዳል። የማህበራዊ ዋስትና ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃርቫሃ) የስልክ መስመር 118 ነው። በኢንተርኔትና በስልክ ለሚሰደብ፣ ለሚዋረድ ወይም ለሚታለል ልጅ 105 ይደወላል። ወላጅ ራሱ በንዴት ወይም በጭንቀት ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት፣ ልጁ ላይ እጁን ከማንሳቱ በፊት፣ በ1201 ወደ ኤራን ደውሎ መነጋገር ይችላል። ፖሊስ በ100 የሚጠራው የማንም ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ ሲሆን ነው።

ማህበራዊ ሠራተኛ ወይም መርማሪ ወደ ቤትዎ ከመጣ የመጣበትን ምክንያት በሚገባዎት ቋንቋ እንዲያስረዳ ይጠይቁ። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ አስተርጓሚ እስኪመጣ ድረስ እንደሚጠብቁ በትህትና ይናገሩ፤ የሠራተኛውን ስምና ስልክ ይጻፉ። ፖሊስ ለምርመራ ከጠራዎት ከመናገርዎ በፊት ጠበቃ የማማከር መብት አለዎት፤ መክፈል ለማይችል ሰው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ (ሳኔጎሪያ ጺቡሪት) አለ።